ባዝራዬ እምቢ ስትል

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ የመንገዱ ጭቃ መድረቅ ሲጀምር፣ አምስት ባለ ፈረሶች ከእንጅባራ ተነሥተን ወደ ዘንገና ሐይቅ ለመጓዝ ተቀጣጠርን። ሐይቁ ከከተማችን ሩቅ አይደለም፤ አስፋልቱን ይዞ በመኪና ለሚሄድ ሰው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። እኛ ግን የመረጥነው በእርሻ ዳርና በቀርከሃ መካከል እየተጥመለመለ የሚያልፈውን የእግር መንገድ ስለ ነበር፣ እያረፍን ስንሄድ ደርሶ መልሱ ከግማሽ ቀን በላይ እንደሚወስድብን እናውቅ ነበር። የእኔ ባዝራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መልኳ ሐመር ስለ ሆነ ስሟንም ሐመር ብለናታል። በዚያን ዕለት ማለዳ፣ ገና ከግቢ ሳንወጣ፣ ያሳየችኝን እምቢታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ኮርቻውን ይዤ ስቀርብ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጥፋ ከአንገቷ ጋር አጣበቀቻቸው። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ግላስ ሳለብሳት ጭራዋን ደጋግማ ወዘወዘች፤ ኮርቻው የሚታሰርበትን ጠፍር ስስብ ደግሞ አንገቷን አዙራ ክንዴን ልትነክሰኝ ቃጣች። ከእኔ ጋር በቆየችባቸው ሦስት ዓመታት አንድም ቀን ነክሳኝ አታውቅም። ክረምቱን ብዙ ሥራ ሳይኖራት ስለ ከረመች ጥጋብ ነው አልኩና ጠፍሩን ይበልጥ ሳብኩት። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት አባት የፈረሳቸውን መሳቢያ ገመድ፣ ዛቡን፣ እንደያዙ ደጅ ቆመው ይመለከቱኝ ነበርና «ልጄ፣ ጥጋብ እንዲህ አያደርግም። ኮርቻውን አውርደውና እጅህን ጀርባዋ ላይ አሳልፍ» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከጋማዋ መጨረሻ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በግራ በኩል፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ቦታው ከሌላው ገላዋ ይልቅ ይሞቃል፤ ጣቴን ጫን ሳደርግበትም ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ። ገጣባ ሊሆን የተቃረበ ቁስል ነበር። ከሳምንት በፊት ለጉዞው ላለማምዳት ብዬ ሁለት ቀን በተከታታይ ጋልቤአት ነበር፤ ሐመር ደግሞ ክረምቱን ለምለም ሣር ስትግጥ ከርማ ጀርባዋ ሰፍቷል። ኮርቻዬ አጽሙ እንጨት የሆነ፣ በቆዳ የተለበጠ የአገራችን ኮርቻ ነው፤ እንጨት ደግሞ ከፈረሱ ገላ ጋር አብሮ አይሰፋም፣ አብሮም አይከሳም። ጥጋብ ያልኩት ሕመም ነበር፤ እርሷም በጆሮዋ፣ በጭራዋና በመጨረሻም በጥርሷ ስትነግረኝ ቆይታለች።

ጉዞው ለሦስት ሳምንት ተላለፈ፤ ከአራቱ ጓደኞቼም አንድ ያጉረመረመ አልነበረም። ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ እያጠብሁ አየር እንዲያገኘው ተውኩት፤ ኮርቻውንም ለባለ ሙያ ሰጥቼ ውስጡን እንደ አዲስ አስደለደልኩት። ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን ሳልዳብስ ኮርቻ አልጭንባትም። ግላሱን ሳነጥፍም ከፊት ወደ ኋላ፣ በፀጉሩ አወራረድ አቅጣጫ እስባለሁ፤ ተቃራኒው ከሆነ ፀጉሩ ተገልብጦ ከሥር ይቀርና ቀኑን ሙሉ ሲፈገፍጋት ይውላል።

በዚህ ስሕተት አብዝቼ የማዝነው ያደግሁበትን አገር ሳስብ ነው። በአገራችን በአዊ ዞን ፈረስ ያርሳል፣ ጋሪ ይስባል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ በለቅሶም ተሸልሞ ይወጣል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት በዓድዋ ከአርበኞቹ ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ ጭምር ነበር፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው በዓልም የእንጅባራ ሜዳ በተሸለሙ ፈረሶች ይሞላል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ እየሰማን ነው ያደግነው። እኔም በእግሬ ትምህርት ቤት መመላለስ ከመጀመሬ በፊት በፈረስ ጀርባ ላይ ተቀምጫለሁ። ሆኖም መጋለብን በልጅነቴ ለመድሁት እንጂ ከሥሬ ያለው ፍጥረት ምን እንደሚያይና ምን እንደሚሰማ ያስተማረኝ አልነበረም።

በኅዳር መጨረሻ ሳምንት ተነሣን። ከከተማው ወጥተን የገብስ ማሳዎቹን ካለፍን በኋላ መንገዱ ቀርከሃ ውስጥ ይገባል። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ቀርከሃው ሥር ደግሞ ጨለም ያለ፣ ብርሃኑ በየቦታው የተቆራረጠ ጥላ ነው። ሐመር ከጥላው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀድሞ ቢሆን ተረከዜን ጎኗ ላይ አሳርፍ ነበር፤ በዚያን ዕለት ግን ዛቡን ላላ አድርጌ ጠበቅኋት። የፈረስ ዐይን ከየብስ እንስሳት ዐይን ሁሉ ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በምሽት ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ያያል፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ግን ለመላመድ ከሰው ዐይን የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ጥላ ብቻ ባየሁበት ቦታ እርሷ ጥቁር ጉድጓድ አይታ ሊሆን ይችላል። ምናልባት እስከ ሠላሳ ያህል የሚያስቆጥር ጊዜ ቆመች፤ ጆሮዎቿን ወደ ፊት ቀስራ አየሩን አሸተተች፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ማንም ሳይነካት ገባች።

ዐይኖቹ ከራሱ ግራና ቀኝ የተቀመጡ በመሆናቸው ፈረስ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን በሙሉ ለማለት በሚያስችል ስፋት ያያል። የማያየው ከጭራው በስተኋላ ያለውንና ከግንባሩ ፊት ለፊት እጅግ የቀረበውን ነው። ስለዚህም ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ የሚመጣ ሰው ይረገጣል፤ ግንባሩን ሊዳብስ እጁን በድንገት የሚዘረጋም ሰው ፈረሱን ያስደነግጣል። ልጆቼን ያስተማርኳቸው በትከሻው በኩል እያናገሩት እንዲቀርቡና መጀመሪያ አንገቱን እንዲነኩ ነው።

ከቀርከሃው እንደወጣን አንድ ጠባብ ወንዝ አለ፤ ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ፀሐዩ በውኃው ላይ ያብለጨልጭ ነበርና ከአምስቱ ፈረሶች አራቱ ዳር ላይ ደርሰው ተገተሩ። አንደኛው ወጣት ጓደኛችን በዳማ ድንጉላው ላይ አለንጋውን አነሣ። ድንጉላው በሁለት እግሩ ቆመ፤ ከኋላው የነበረችው ባዝራም ደንብራ ወደ ጎን ዘለለች። አዛውንቱ ጮክ ሳይሉ «አለንጋውን ዝቅ አድርገው። ገመዱን ልቀቅለት፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይየው» አሉት። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ፈረስ እግሩ ሥር ያለውን ነገር አጥርቶ ለማየት ራሱን ዝቅ ማድረግ አለበት፤ እኛ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት ዛቡን ጠበቅ አድርገን ራሱን ወደ ላይ እንይዝበታለን። እንዲያይ ከልክለነው ለምን አላየህም ብለን እንመታዋለን።

ልጓሙም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ብረቱ የሚያርፈው በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋዎቹ መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ነው፤ ከሥሩ አጥንት እንጂ ሥጋ የለም። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ልጓም ደግሞ ታችኛውን መንጋጋ የሚያቅፍ ቀለበት ያለው ስለ ሆነ በእጃችን ትንሽ የመሰለን ስበት በአፉ ውስጥ ብርቱ ሕመም ይሆናል። በጉግስ ጨዋታ ላይ አረፋው ከደም ጋር ሲቀላቀል ባየሁ ቁጥር ይከፋኛል፤ ይህንንም ለታላላቆቼ ሳይቀር ደጋግሜ ተናግሬአለሁ።

ድንጉላው ዛቡ ሲላላለት አንገቱን ዘርግቶ ውኃውን አሸተተ፤ አንድ ጊዜ በኮቴው ገጨው። የአዛውንቱ ጉራች ፈረስ ግን ወንዙን በዕድሜው ሙሉ የሚያውቅ ነውና ምንም ሳይል ቀድሞ ገባ። እርሱ መሐል ሲደርስ ሌሎቹ ተራ በተራ ተከተሉት። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ በደመ ነፍሱ ብቻውን መቅረትን እንደ ሞት ይፈራል፤ ከመካከላቸው አንዱ ተረጋግቶ ሲያልፍ ካዩ ለሌሎቹ ከአሥር አለንጋ የበለጠ ማስረጃ ነው። ድንጋጤም እንዲሁ ስለሚጋባ፣ ለመንገድ አዲስ የሆነን ፈረስ በሁለት ልምድ ባላቸው ፈረሶች መካከል እናስገባዋለን፤ በየመካከላቸውም ቢያንስ የአንድ ፈረስ ቁመት ያህል ርቀት እንተዋለን።

ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ በልጅነቴ ሽምጥ የምንጋልብበት ግጦሽ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ዲከረንስ በሚባለው የከሰል ዛፍ ተሸፍኗል። ገበሬው ተክሎት በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል፤ ገቢው ብዙ ቤት አቁሟልና ማንንም አልወቅስም፤ ለፈረስ የሚሆነው ሣር ግን በየዓመቱ እየጠበበ ነው። በዛፎቹ መካከል ስናልፍ ከመንገዱ ዳር ከተደረደሩት የከሰል ጆንያዎች የአንዱን አፍ የሸፈነው ፌስታል በነፋስ ተርገበገበ። ሐመር በአንድ ጊዜ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ቀኝ ዘለለችና ለመሮጥ ተነሣች። የአደጋውን ምንነት ለማጣራት የሚቆም ፈረስ በጥንቱ ሜዳ የጅብና የአንበሳ ሲሳይ ሆኗል፤ ዛሬ ያሉት ቀድመው ሮጠው በኋላ ዞረው ያዩት ዘሮች ናቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱንም ዛብ በሙሉ ኃይል መሳብ የባሰ ያስደነብራል። አንዱን ዛብ ብቻ ቀስ አድርጌ ወደ ጉልበቴ ሳብኩት፤ አንገቷ ሲዞር እግሮቿም ተከትለው ዞሩ፣ ሩጫውም ጠባብ ክብ ሆኖ ቆመ። ከዚያ ወርጄ ዛቡን ይዤ በጆንያው አጠገብ ሦስት ጊዜ አመላለስኳት። በሦስተኛው ላይ ፌስታሉን በአፍንጫዋ ነካችው።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ኮርቻዎቹን አውርደን ፈረሶቹን በዛፎቹ ጥላ ሥር አሰርናቸው። ከመንጋጋዋ ሥር ባለው የደም ሥር ላይ ጣቴን አድርጌ የልብ ምቷን ቆጠርሁ፤ ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ የእርሷም ብዙ ሳይቆይ ወደ 40 ወረደ። ጉራቹ አንድ የኋላ እግሩን አጠፍ አድርጎ፣ የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሎ፣ ቆሞ አንቀላፋ። የፈረስ እግር ጅማቶች መገጣጠሚያውን ስለሚቆልፉት ቆሞ መተኛት ይችላል፤ ጥልቅ እንቅልፍ የሚወስደው ግን ሲጋደም ነው፤ የሚጋደመውም ሌላው የሚጠብቅለት መሆኑን ሲያምን ብቻ ነው።

እዚያ ተቀምጠን ዳቦና ቆሎ ስንቀምስ ሁሉም ያጋጠመውን አወጋ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ከጋሪ የወጣ ፈረስ የገዛው ጓደኛችን የነገረን ነው። ፈረሱ በመንገድ ዳር የቆመ ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ምንም ቢሉት አይነቃነቅም። ለወራት እልኸኛ ነው እያለ ሲገርፈው ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ነገሩ ገባው፤ ፈረሱ ለዓመታት የተማረው መንገድ ዳር ለቆመ ተሳፋሪ መቆምን ነበር፤ አሁንም የሚቆመው ሥራውን በሚገባ ለመሥራት ነው። ከዚያ በኋላ መምታቱን ትቶ ሰው ካለበት ስፍራ ጥቂት ርምጃ ሲቀረው በድምፁ እያበረታታ ያሳልፈው ጀመር፤ ዛሬ የሚቆመው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ይህን ሲነግረን ጓደኛችን ፈረሱን እያየ ነበር፤ ድምፁም ተሰብሮ ነበር።

ባለ ድንጉላው ወጣት ደግሞ ፈረሱ ወደ ቤት ሲዞር እንደማይያዝለት ነገረን። ይህ በሁላችንም ላይ የደረሰ ነው፤ መፍትሔውም ላይ አልተከራከርንም። ስንመለስ ማንም እንዳይጋልብ፣ ሰፈር ስንቃረብም ሁላችንም ወርደን እየሳብናቸው እንድንገባ ተስማማን። ድንጉላው መጀመሪያ ላይ እየተንቆራጠጠ አስቸገረ፤ ጉራቹ ከፊቱ በዝግታ ሲራመድ እያየ ግን ቀስ በቀስ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ አንደበቱንም ማላመጥ ጀመረ።

ግቢ ደርሰን ጠፍሩን ፈታሁና ኮርቻውን አወረድሁ። ከግላሱ ሥር ላቡ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነበር፤ ኮርቻ ተጭኖ የደም ዝውውር የሚያግድበት ቦታ ቢኖር ኖሮ በላቡ መካከል ደረቅ ሆኖ ይታይ ነበር። እጄን ከጋማዋ መጨረሻ ዝቅ አድርጌ አሳለፍሁ፤ ቆዳዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ጆሮዎቿም አንዱ ወደ እኔ፣ ሌላው ወደ ገብሱ ዕቃ ዞረዋል። ዛቡን ስፈታላት ወደ አቧራው ሄዳ ተንበረከከች፣ በአንዱ ጎኗ ከዚያም በሌላው ተንከባለለች፤ ተነሥታም ከራሷ እስከ ጭራዋ ተንቀጥቅጣ አቧራውን አራገፈችና ወደ ገብሷ ሄደች።