11 ዲግሪ

ትናንት ሌሊት መብራት ጠፋ፤ የጀነሬተሩም ነዳጅ ሳይነጋ አለቀ። የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ብሆንም ነዳጅ የማስገዛት ሥልጣን የለኝም፤ በየሁለት ወሩ ሞልተን ከምንልከው የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ ውስጥ ምን ያህሉ ተሟልቶ እንደሚመጣ የምወስነውም እኔ አይደለሁም። በእጄ ያሉት አንድ ትንሽ ፍሪጅና ሰባት አዋላጆች ናቸው።

በፍሪጁ የምናስቀምጠው ኦክሲቶሲን ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ለእናቲቱ በጡንቻ ይሰጣል፤ ማኅፀኗን አኮማትሮ ከደም መፍሰስ የሚጠብቃት እርሱ ነው። የምንጠቀምበት ዓይነት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ክፋቱ፣ ሙቀት ያዳከመው ከደህናው በዓይን አይለይም፤ አምፑሉም ያው፣ ፈሳሹም ያው ጥርት ያለ ነው። (ለዚሁ ሥራ የሚውለውንና ሙቀት የሚቋቋመውን ካርቤቶሲን የተባለ መድኃኒት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በምክረ ሐሳቡ አካትቶታል፤ በእኛ መደርደሪያ ላይ ግን የለም።) ስለዚህ ያለን መተማመኛ በፍሪጁ በር ላይ ተለጥፎ ጠዋትና ማታ የሚሞላው የሙቀት መከታተያ ቅጽ ብቻ ነው።

ያንን ቅጽ ያበላሸሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት 12 ዲግሪ ተጽፎ ባየሁ ጊዜ ተረኛዋን በርክክብ ሰዓት፣ በባልደረቦቿ ፊት ተቆጣኋት። ከዚያ ወዲህ ቅጹ 4፣ 4፣ 5፣ 4 እያለ ወራት አለፉ፤ እኔም ክፍሌ ተስተካከለ ብዬ ተደሰትሁ፤ ለመጣ ተቆጣጣሪ ሁሉ በኩራት አሳየሁ። መብራት በጠፋባቸው ቀኖች እንኳ 4 እንደሚል ያስተዋልሁት በጣም ዘግይቼ ነበር። ሁልጊዜ 4 ለሚል ፍሪጅ ደግሞ ማን ነዳጅ ይገዛል? የጀነሬተር ነዳጅ እንዲገዛልን ደብዳቤ ስጽፍ፣ የገዛ ቅጻችን በገዛ ደብዳቤዬ ላይ ሲመሰክርብኝ ከርሟል።

ጥፋቴን በዚያው በርክክብ ሰዓት፣ በሁሉም ፊት ነገርኋቸው። ወዲያው አላመኑኝም፤ አልፈረድሁባቸውም።

ዛሬ ጠዋት ግን ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው አዋላጅ በር ላይ ጠብቆኝ፣ «ሲስተር፣ 10 ሰዓት ላይ ሳየው 11 ደርሷል» አለኝ። አምፑሎቹን ከክትባት ክፍሉ ባመጣው ቀዝቃዛ ሣጥን አኑሮ፣ ፋርማሲው እስኪወስን ማንም እንዳይነካቸው ጽፎ ለጥፎባቸዋል። ቁጥሩንም ሰዓቱንም በቅጹ ላይ አስፍሯል። አመስግኜው ከሥሩ ፈረምሁ። ከዚያም የነዳጁን ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍሁ፤ በዚህኛው ላይ የቅጹን ቅጂ አያያዝሁበት።