ዛክሰን የሌለበት ዛክሰንሃውዘን፦ የኮሎኝ ጎዳናዎች ስም ከየት መጣ?

በጀርመኗ ኮሎኝ፣ ከካቴድራሉ ብዙም ሳይርቅ፣ ኡንተር ዛክሰንሃውዘን የሚባል የባንኮች ጎዳና አለ። ስሙን ያነበበ ሁሉ ዛክሰን ከተባለው ሕዝብ ጋር ያዛምደዋል። ዝምድና የለውም። ስሙ የመጣው በመካከለኛው ዘመን በቦታው ከነበሩ 16 ቤቶች ነው። በአገሬው አነጋገር አሥራ ስድስት የሚለው ቁጥርና የዛክሰን ስም ድምፃቸው ስለሚቀራረብ፣ ስሙ ወደ ጽሑፍ ጀርመንኛ ሲገለበጥ ቁጥሩ ጠፋ፣ በቦታው ሕዝብ ገባ።

በከተማው ደቡብ ደግሞ ዛክሰንሪንግ አለ። እዚህ ግን ዛክሰን ማለት በእርግጥም ዛክሰን ነው፤ ከዚያ ወገን የተነሡትን የጀርመን ነገሥታት ለማስታወስ የተሰየመ ነው። ስለዚህ ስም ባዩ ቁጥር ወደ መዝገበ ቃላት መሮጥ አያዋጣም። መጀመሪያ ስሙን ማን፣ መቼ እንዳወጣው ይጠየቅ።

በአሮጌው ከተማ ያሉት አብዛኞቹ ስሞች አውጪ የላቸውም፤ ሰዉ ሲጠራቸው ጸኑ። በጣም ግልጹ ምሳሌ ዱፈስባኽ የተባለው ጅረት ወደ ራይን ወንዝ ይወርድበት የነበረው መስመር ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ መጀመሪያ ሮትጌርበርባኽ ይገኛል፤ የከብት ቆዳ በዛፍ ቅርፊት የሚያለፉት ሰዎች ጅረት ማለት ነው። ቀጥሎ ብላውባኽ፣ የሰማያዊ ቀለም ነካሪዎቹ። ከዚያ ሙለንባኽ፣ የውሃ ወፍጮዎቹ። መጨረሻ ፊልትሰንግራበን፣ ሱፍ ደፍጥጠው ጥብቅ ጨርቅ የሚሠሩት። ጅረቱ ዛሬ ከላይ አይታይም፤ ስሞቹን በተራ ያነበበ ግን መስመሩን በካርታ ላይ ማስመር ይችላል። ቆዳ ፋቂዎቹ ከላይ፣ ነካሪዎቹ ከታች መሆናቸው ለነካሪዎቹ ምን ዓይነት ውሃ እንዳደረሰላቸው መገመት አያዳግትም። እዚያው አጠገብ ያለው ቫይድማርክት ደግሞ ሰማያዊው ቀለም የሚወጣበት ቫይድ የተባለ ተክል ይሸጥበት የነበረ ገበያ ነው። አንዱ ስም ለሌላው ምስክር ሲሆን እንዲህ ነው፤ ጎረቤቱን ሳያዩ አንድን ስም ብቻውን መፍታት ግን ለስህተት በር ይከፍታል።

በ«ኡንተር» የሚጀምሩት ስሞች እንግዳን ያደናግራሉ። «ከሥር» ተብለው ከተተረጎሙ ትርጉም አይሰጡም፤ እዚህ ቃሉ «መካከል» ማለት ነው። ኡንተር ጎልድሽሚት በወርቅ አንጥረኞች መካከል፣ ኡንተር ታሸንማኸር በቦርሳ ሰፊዎች መካከል። ይህን ደንብ ይዞ ኡንተር ፌተንሄነን ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ የሰቡ ዶሮ ነጋዴዎችን መፈለግ ይጀምራል። ነገሩ ሌላ ነው፤ ስሙ የመጣው «የሰባችው ዶሮ» ከሚባል ቤት ነው። የቤት ቁጥር ባልነበረበት ዘመን ቤቶች የየራሳቸው ስም ነበራቸው፣ የታወቀ ቤት ደግሞ ስሙን ለመንገዱ ያወርሳል።

ሺልደርጋሰ በጋሻ ላይ አርማ ከሚስሉ ሠዓሊዎች ስሙን አገኘ፤ መንገዱ ግን ከእነሱ በጣም ይቀድማል፣ የሮማውያን ከተማ ዋና የምሥራቅ–ምዕራብ ጎዳና ነበር። ዛይድማኸሪነንጌስሽን የምትባለው ጠባብ መንገድ ደግሞ የሐር ሠራተኛ ሴቶች መታሰቢያ ናት፤ በኮሎኝ ሐር ሠሪዎቹ ሴቶች የራሳቸው የሙያ ማኅበር ደንብ በ1437 ጸድቆላቸዋል። የጨው፣ የቅቤ፣ የዓሣና የድርቆሽ ገበያ ስሞች ራሳቸውን ስለሚናገሩ አልዘገይባቸውም።

ፈረንሳዮች በ1794 ሲገቡ የመጀመሪያው ለውጥ ቁጥር ነበር። ቤቶቹ የተቆጠሩት በየጎዳናው ሳይሆን በከተማው ሁሉ በተከታታይ ነው፤ በግሎከንጋሰ ለአንዱ ቤት የደረሰው 4711 በኋላ የዓለም የታወቀ የሽቶ ስም ሆነ። ከ1812 ጀምሮ ደግሞ ፈርዲናንድ ፍራንስ ቫልራፍ የተባለው ምሁር የጎዳናዎቹን ስም እንዲያስተካክልና በፈረንሳይኛ እንዲያወጣ ተደረገ። ቫልራፍ ነውር የመሰሉትን ስሞች አጠበ፣ ጥንታዊ ክብር የሚሸቱትን አስዋበ። በየክፍሉ ሌላ ሌላ ስም የነበረውና ጥንት የሮማውያን ዋና የሰሜን–ደቡብ ጎዳና የነበረው መንገድም «ሩ ኦት» ተባለ፤ ዛሬ ሆኸ ሽትራሰ የምንለው ነው። በእኔ አስተያየት በኮሎኝ አንድ ስም ከመጠን በላይ ሮማዊ ወይም ከመጠን በላይ ጨዋ ሆኖ ሲገኝ የቫልራፍን እጅ መጠርጠር ይገባል።

በ1881 የመካከለኛው ዘመን ቅጥር መፍረስ ሲጀምር ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ከዚህ በኋላ ስም የሚወጣው በዕቅድ ነው። በቅጥሩ ቦታ የተዘረጋው ሰፊ ቀለበት ጎዳና ከደቡብ ወደ ሰሜን የታሪክ ቅደም ተከተል እንዲይዝ ተደርጓል፤ በሮማውያን ዘመን እዚያ ከሰፈረው ሕዝብ በኡቢየርሪንግ ተጀምሮ ክሎድቪግፕላትስ፣ ካሮሊንገርሪንግ፣ ዛክሰንሪንግ፣ ዛሊየርሪንግ፣ ሆኸንሽታውፈንሪንግ፣ ሀብስቡርገርሪንግ፣ ሆኸንትሶለርንሪንግ፣ ካይዘር ቪልሄልም ሪንግ እያለ ይወጣል። የነገሥታቱን ተራ መያዝ ያቃተው ተማሪ በትራም ሊማረው ይችላል። ከመሃል ወደ ውጭ የሚወጡት አኸነር፣ ቬንሎወር፣ ቦነርና ሉክሰምቡርገር ሽትራሰ ደግሞ ወደ አኸን፣ ቬንሎ፣ ቦንና ሉክሰምበርግ ያመራሉ፤ ከዚያ የዘለለ ምስጢር የላቸውም።

በአገዛዝ ለውጥ ጊዜ ቶሎ የሚነኩት አደባባዮች ናቸው። የዛሬው ኤበርትፕላትስ በናዚ ዘመን በሂትለር ስም ይጠራ ነበር። በ1922 በተገደለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የተሰየመውን ራተናውፕላትስም ናዚዎች ስሙን ቀይረውበት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ተመለሰ። ስለዚህ የ1930ዎቹን ደብዳቤ ወይም ፎቶ በዛሬ ካርታ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የዚያን ዓመት የአድራሻ መጽሐፍ ያግኝ።

ለጥንቶቹ ስሞች ሁለት ነገር ይጠቅማል። አንዱ አርኖልድ መርካቶር በ1571 ያወጣው የከተማው ካርታ ነው፤ ቤቶቹ ሳይቀር ከላይ እንደታዩ ተስለውበታል። ሌላው ሽራይንስቡኽ የሚባለው የቤትና የመሬት መዝገብ ነው፤ ጅማሬው 12ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን የተደራጀው በየደብሩ ነው። ስለዚህ የጎዳናውን ስም ከመያዝ በፊት መንገዱ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ፍለጋው በተሳሳተ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። መዝገቦቹን የሚጠብቀው የከተማው ቤተ መዛግብት በመጋቢት 2009 (እ.ኤ.አ.) ተደርምሶ ነበር። አብዛኛው ሰነድ ከፍርስራሹ ወጥቷል፤ ጥገናው ግን ረጅም ሥራ ስለሆነ የሚፈለገው ሰነድ ለአንባቢ መከፈቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። አዲሱ ሕንፃ አይፈልቫል ላይ ነው፣ በ2021 ተከፍቷል።

ዛሬ ስም የሚያወጡት ዘጠኙ የከተማው ወረዳ ምክር ቤቶች ናቸው። በ1975 ፖርትስና ሮደንኪርሽን ወደ ኮሎኝ ሲጠቃለሉ ሁለቱም ሃውፕትሽትራሰ፣ ማለትም ዋና መንገድ፣ የሚባል ጎዳና ይዘው መጡ፤ አሁንም ሁለቱም አሉ። አድራሻ ሲጻፍ የፖስታ ቁጥሩ ከተዘለለ ደብዳቤው ከራይን ማዶ ሊሄድ ይችላል፦ 50996 የሮደንኪርሽኑ፣ 51143 የፖርትሱ ነው።