ሮቦቱ አላይ ሲል ከኮዱ በፊት ምስሉን መርምሩ

ካሜራ የተገጠመለት ሮቦት መስመር ሲስት ወይም ቀዩን ኳስ ትቶ ወደ በሩ ሲሄድ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚነካካው ኮዱን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ምስሉ ከተበላሸ ምስሉን የሚተረጉም የትኛውም ሞዴል (የሰለጠነ ፕሮግራም) አያድነውም። ሮቦቱ በተሳሳተበት ቅጽበት ኮዱ የተቀበለውን ፍሬም (ካሜራው የላከውን አንድ ምስል) እንዳለ አስቀምጡና ኮምፒውተር ላይ አጉልታችሁ እዩት። በስልክ ስክሪን ብቻ አይታችሁ ጥሩ ነው አትበሉ፤ ትንሽ ስክሪን ብዥታን ይደብቃል።

ቀጥሎ ጎማዎቹን ከመሬት አንሱና አንዴ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ አንዴ አስነስታችሁ ፎቶ አንሱ። አግድም መስመሮች ወይም የተቆረጠ ፍሬም የሚመጣው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከሆነ ችግሩ ኃይል ነው። ኢኤስፒ-32 ካም (ካሜራና ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቦርድ) ምስል በዋይፋይ ሲልክ በቅጽበት ብዙ ከረንት ይስባል፤ ከሞተሮቹ ጋር አንድ ቀጭን ሽቦ ከተጋራ 5 ቮልቱ ይወርዳል። ለካሜራው የራሱን 5 ቮልት ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚያጸና ክፍል) ስጡት፤ የጋራ የሚሆነው ግራውንዱ (የኔጌቲቭ ሽቦው) ብቻ ይሁን። ከቦርዱ የኃይል ፒኖች አጠገብ 470 ማይክሮፋራድ፣ 10 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚያከማች ክፍል) በይዱ። በእያንዳንዱ ሞተር ሁለት እግሮች መካከል ደግሞ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር አስገቡ። አዳማ ውስጥ አዲስ ካጣችሁ ቴሌቪዥን ጠጋኞችን ጠይቁ፤ ከተጣለ ቦርድ ላይ ይነቀላል።

ቤት ውስጥ ብቻ የሚታዩ፣ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚንሸራተቱ ጥቁር ሸንተረሮች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ርካሽ ኤልኢዲ ላይ ይብሳል። የካሜራው ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ቺፕ) ምስሉን ረድፍ በረድፍ ስለሚያነብ አንዱ ረድፍ ድምቀቱ ላይ፣ ሌላው ድብዘዛው ላይ ይወድቃል። በካሜራው ቅንብር ውስጥ የመብራቱን ፍሪኩዌንሲ ከ60 ወደ 50 ቀይሩ። ኤክስፖዠሩን (ሴንሰሩ ለአንድ ምስል ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ) ራሳችሁ የምትሞሉ ከሆነ 10 ወይም 20 ሚሊሰከንድ አድርጉት፤ የሊኑክስ ድራይቨር (ካሜራውን የሚያዝዘው ፕሮግራም) በ100 ማይክሮሰከንድ ስለሚቆጥር 10 ሚሊሰከንድ ማለት 100 ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ካልሠራ ሮቦቱ ላይ ከባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት ግጠሙ፤ ቀጥታ ከረንት ስለሆነ አይርገበገብም።

ኤክስፖዠር ሲረዝም ደግሞ መዞር ያበላሻል። 60 ዲግሪ የሚያይ ካሜራ በ640 ፒክሰል ሲሠራ አንድ ዲግሪ ወደ 11 ፒክሰል ይይዛል። ሮቦቱ በሰከንድ 90 ዲግሪ ሲዞር በ33 ሚሊሰከንድ 3 ዲግሪ ይሄዳል፤ ስለዚህ ምስሉ ከ30 ፒክሰል በላይ ይጎተታል። በ10 ሚሊሰከንድ ወደ 10 ይወርዳል። መፍትሔው ብርሃን መጨመር ወይም ዙሩን ማዘግየት ነው። የአዳማ ፀሐይ ላይ ግን መርገብገብ ስለሌለ 1 ወይም 2 ሚሊሰከንድ በቂ ነው።

ፎከስን ብዙ ሰው አይነካውም፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ትልቁ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ነው። የኢኤስፒ-32 ካም ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ተስተካክሎ በሙጫ ተይዞ ይመጣል፤ 20 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ወለል ይደበዝዝበታል። ሙጫውን በምላጭ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ቁረጡ፣ የሌንሱን መቀመጫ በፒንሳ ያዙ፣ ከዚያ ሌንሱን በግራ በኩል በጥቂት በጥቂቱ አዙሩ። መቀመጫውን ካልያዛችሁ የሴንሰሩ ሪባን ይቀደዳል። ጥራቱን በዓይን ከመገመት በኦፕንሲቪ (ምስል በኮድ ለመመርመር በሚያገለግል ነፃ ላይብረሪ) የላፕላሲያን ቫሪያንስ፣ ማለትም የምስሉን ጥራት የሚለካ ቁጥር፣ አስሉ፤ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ሮቦቱ በሚሠራበት ርቀት አስቀምጡና ቁጥሩ ከፍ ብሎ መልሶ መውረድ ሲጀምር ወደ ከፍታው ተመለሱ። በነጥብ የጥፍር ቀለም አጽኑት።

አቧራን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፣ ይቧጭራል። መጀመሪያ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ አየር ንፉበት። ነፋሻ ቀን ውጭ የምትሞክሩ ከሆነ ከጥቁር ወረቀት የተሠራ አጭር ጥላ ሌንሱ ላይ አድርጉ፤ የጎን ፀሐይንም ይከላከላል።

ቀለም የምትለዩ ከሆነ አውቶ ዋይት ባላንስን (ካሜራው ቀለሞችን በራሱ የሚያስተካክልበትን ቅንብር) አጥፉ፤ አለዚያ ቀይ ነገር ፍሬሙን ሲሞላ ካሜራው ቀለሙን ሊያስተካክል ይሞክራል። በኦፕንሲቪ የኤችኤስቪ ቀለም አቆጣጠር የቀይ የቀለም ቁጥር (ሂዩ) ሁለት ቦታ ነው፦ ከ0 እስከ 10 እና ከ170 እስከ 179። አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ ግማሹ ይጠፋል። ጥቁር ጨርቅ ወይን ጠጅ ከመሰለ ሌንሱ የኢንፍራሬድ ማጣሪያ ላይኖረው ይችላል። ለመስመር ሲሆን ከጨርቅ ይልቅ የኤሌክትሪክ ቴፕ ምረጡ።

ምስሉ ጥሩ ሆኖ ሮቦቱ ዘግይቶ ከዞረ ፍሬሞች ተጠራቅመው ይሆናል። የስልክ ሰዓት ቆጣሪን በሮቦቱ ካሜራ እያሳያችሁ ስልኩንና የኮምፒውተሩን ስክሪን በአንድ ፎቶ አንሱ፤ የሁለቱ ልዩነት መዘግየቱ ነው። ልዩነቱ ሮቦቱ በቆየ ቁጥር እየጨመረ ከሄደ የፍሬሞቹን ንባብ በተለየ ትሬድ (ከዋናው ኮድ ጎን ለጎን በሚሠራ ክፍል) አድርጉና የመጨረሻውን ፍሬም ብቻ ያዙ።