የጥንት ጃፓን የእሳት መከላከያ መሣሪያዎችን የለየሁበት መንገድ

ቶኪዮ ውስጥ የአሮጌ ዕቃዎች ሰብሳቢ የሆኑ አንድ አዛውንት ያከማቿቸውን መሣሪያዎች ለይቼ እንድመዘግብላቸው በጠየቁኝ ጊዜ፣ በረጃጅም ዘንግ ላይ የተሰኩት ብረቶች አብዛኞቹ የጦር መሣሪያ ተብለው ተመዝግበው ነበር። ብረቶቹን ከመመርመሬ በፊት የዛሬዋ ቶኪዮ፣ የያኔዋ ኤዶ፣ እሳትን እንዴት ትከላከል እንደነበር አጠናሁ። ቤቶቿ ከእንጨትና ከወረቀት የተሠሩ ስለነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1657 የደረሰው ታላቁ የሜይሬኪ ቃጠሎ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከተማ አውድሟል። በእጅ የሚቀዳ ውሃ እንዲህ ያለውን እሳት ሊገታ ስለማይችል፣ የእሳት ተከላካዮቹ ዋና ሥራ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ያሉትን ቤቶች ቀድሞ አፍርሶ እሳቱን መንገድ ማሳጣት ነበር። ይህን ከተረዳሁ በኋላ እያንዳንዱን ዕቃ «ምን ለማፍረስ ያገለግላል?» ብዬ እመረምር ጀመር።

ቶቢጉቺ የሚባለው መንጠቆ በዚህ ጥያቄ ወዲያው ተለየ፤ ጫፉ ብቻ ሹል ሆኖ ጎንና ጎኑ ያልተሳለ በመሆኑ፣ ሥራው የጣሪያ እንጨት ነክሶ መጎተት እንጂ ሰው መቁረጥ እንዳልሆነ ያሳያል። ይበልጥ ያስቸገረኝ ሳሱማታ የተባለው ባለ መንታ ጫፍ ዘንግ ነው፤ ምክንያቱም የእሳት ተከላካዮችም ሆኑ ወንጀለኛ የሚይዙ ሹማምንት ይጠቀሙበት ነበር። ከጫፉ በታች ዘንጉ ላይ የብረት እሾህ ካለበት፣ የተያዘው ሰው ጨብጦ እንዳይቀማ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ለእስራት እንደዋለ እቆጥረዋለሁ፤ እሾህ አለመኖሩ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆነኝም። ዛሬም በጃፓን ካርታ ላይ የእሳት አደጋ ጣቢያ ምልክት የተወሰደው ከዚሁ መሣሪያ ቅርጽ ነው።

ሪዩዶሱይ የሚሉት የእንጨት ፓምፕ ለእኔ ከሁሉም የላቀ ነው። ሳጥን ላይ የተገጠመውን ዘንግ ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ውሃ ይረጫል፤ ኃይሉ ደካማ ስለነበር ጣሪያ ላይ የቆሙትን ሰዎች ልብስ ለማርጠብም ይውል ነበር። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ላይ የባለቤቱ መንደር ወይም ቡድን ስም ከዘመኑ ጋር በቀለም ይጻፋል፤ ስለዚህ ከማጽዳት በፊት ብርሃን ከጎን እያበራሁ ፎቶግራፍ አነሳለሁ፤ «ቴንፖ 5»፣ ማለትም ቴንፖ የተባለው የጃፓን ዘመን አምስተኛ ዓመት፣ የሚል ጽሑፍ ካገኘሁም እ.ኤ.አ. 1834 ብዬ እመዘግባለሁ።