የብራና ፋቂዎች ቅያስ

ከፍራንክፈርት የተነሳው ባቡር ኤርፉርት ሲደርስ ገና ረፋድ ነበር፤ ጊዜው የመስከረም መጨረሻ፣ 2022። (እዚህ የማነሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወደዚህች የጀርመኑ ቱሪንገን ግዛት ዋና ከተማ የሳበኝ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ግዕዝንና አማርኛን በአውሮፓ ያስጠናው ይህ ሊቅ በ1624 የተወለደው እዚህ ነው። አማርኛ ያስተማሩት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ሮም ላይ ከተዋወቁ በኋላ በ1652 ከኤርፉርት ብዙም በማትርቀው ጎታ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ተገናኝተው ጥናታቸውን ቀጥለዋል። በ1698 የታተመው የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው የዚያ ወዳጅነት ፍሬ ነው። ያደገባትን ከተማ አይቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ቀኔን የወሰዱት ግን የመንገድ ስሞች ሆኑ።

ከጣቢያው በር እንደወጣሁ ያለሁት ዊሊ ብራንት ፕላትስ ላይ ነው፤ ፕላትስ አደባባይ ማለት ነው። ፊት ለፊት ባለው የድሮ ሆቴል ጣሪያ ላይ በትልልቅ ፊደላት «ዊሊ ብራንት ወደ መስኮቱ» ተብሎ ተጽፏል። ኤርፉርት በምሥራቅ ጀርመን ሥር ሳለች፣ መጋቢት 19 ቀን 1970፣ የምዕራብ ጀርመኑ መሪ ብራንት ከምሥራቅ ጀርመኑ ዊሊ ሽቶፍ ጋር ለመነጋገር እዚህ ሆቴል ገብተው ነበር። ሕዝቡ የፖሊሱን አጥር ጥሶ አደባባዩን ሞላውና ይህንኑ እየጮኸ ጠራቸው። ሁለቱም ሰዎች ዊሊ ስለሚባሉ ሕዝቡ ሁለተኛውን ስም ጨምሮ የትኛውን እንደሚፈልግ ለየ። ብራንትም በመስኮቱ ታዩ፤ እጃቸውን ዝቅ አድርገውም ሕዝቡ እንዲረጋጋ ምልክት ሰጡ። የገዛ መንግሥቱ እያየው የሌላውን መንግሥት መሪ ስም መጥራት በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አልነበረም። ስለዚህ የዚህን አደባባይ ስም ያወጣው ያ ጩኸት ነው እላለሁ።

ወደ መሐል ከተማ ስዘልቅ አንገር ላይ ደረስኩ። ዛሬ ባቡር የሚያልፍበት፣ ሱቅ በሱቅ የሆነ ሰፊ ጎዳና ነው፤ ቃሉ ግን የሣር መስክ ማለት ነው። ኤርፉርትን ያበለጸገው ዋይድ የተባለው ተክል እዚህ ይሸጥ ነበር። ቅጠሉ ተፈጭቶ፣ ተድቦልቡሎና ተብላልቶ ሰማያዊ የጨርቅ ቀለም ይወጣዋል። ከህንድ የመጣው ኢንዲጎ ገበያውን እስኪወስድበት ድረስ የከተማዋ ባለጸጎች ሀብት ከዚሁ ቅጠል ነበር።

ትንሽ አለፍ ብሎ ቬኒገማርክት አለ። ቬኒግ በዛሬው ጀርመንኛ «ጥቂት» ሲሆን በጥንቱ ግን «ትንሽ» ማለት ስለነበር ስሙ ትንሹ ገበያ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ በ1325 ከድንጋይ የተሠራው ክሬመርብሩከ፣ የቸርቻሪዎች ድልድይ፣ ይመጣል። ግራና ቀኙን ቤት ተሠርቶበታል፤ መሐሉ ላይ የቆመ ሰው ከሥሩ ወንዝ መኖሩን አያውቅም። ቅመም፣ መድኃኒት፣ ሐርና ወረቀት የሚሸጡ ነጋዴዎች ይኖሩበት ስለነበር የእነርሱን ስም ይዞ ቀረ።

ከድልድዩ ማዶ በሰሜን በኩል ወዳለው የእንድርያስ ሰፈር ስገባ መንገዶቹ ጠበቡ። ጋሰ የሚባሉት ቅያሶች ናቸው። አንዱ የሸማኔዎች ነው። ከእርሱ ሳልርቅ አንድ ጥግ ላይ ቀና ስል ግድግዳው ላይ «ፔርጋሜንተርጋሰ» የሚል ሰሌዳ አየሁና ቆምኩ። ፔርጋሜንት ብራና ነው። የብራና ፋቂዎች ቅያስ!

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ልጅ ሳለሁ የፍየል ቆዳ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በአራት እንጨት ወጥረው፣ ጠጉሩንና ሥጋውን ሲፍቁ እንጨቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። የመፋቂያው ድምፅ፣ የእርጥብ ቆዳው ሽታ፣ ሲደርቅ በጣት ነካ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ ማስተጋባቱ ዛሬም አብሮኝ አለ። የአውሮፓ ፋቂዎች ቆዳውን ኖራ ውስጥ ይዘፈዝፉ ነበር፤ የፍየል ብቻ ሳይሆን የበግና የጥጃም ይጠቀማሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን፣ መወጠሩ፣ መፋቁ፣ መዳመጡ፣ ያው አጎቴ የደከሙበት ነው። ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው ያቆዩን የምንላቸው የእኛ አባቶች ስማቸው ከመጽሐፉ ጀርባ ቀርቷል። እዚህ ግን ሙያው የሰፈር ስም ሆኖ ከግድግዳ ላይ ይነበባል። አዲስ አበባ ሠራተኛ ሰፈርን ስላስቀረችልን ያን ጊዜ አመሰገንኳት።

ደጃፋቸው ላይ አበባ ሲያጠጡ የነበሩ አዛውንት አይተውኝ «የሚፈልጉት ቤት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ስሙን እያነበብኩ መሆኑን፣ አጎቴም ብራና ፋቂ መሆናቸውን ነገርኳቸው። የውሃ ማጠጫውን መሬት አስቀመጡት።

«እስካሁን ይፍቃሉ?»

«እጃቸው እስኪደክም ድረስ ፍቀዋል።»

«ይህ ቅያስ ሊጠፋ ነበር» አሉኝ። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ሰፈሩ ሳይጠገን ተትቶ ሊፈርስ ታቅዶ ነበር። በታኅሣሥ 1989 ነዋሪው እጅ ለእጅ ተያይዞ አሮጌውን ከተማ ከበበ። «እኔም ቆሜያለሁ። ብርድ ነበር» አሉና አንድ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉልኝ፤ ያኔ የያዙት ሰው አሁንም ከጎናቸው የቆመ ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጌራን ወንዝ ተከትዬ ወደ ሰሜን ሄድኩና ኔተልቤክኡፈር፣ የኔተልቤክ ወንዝ ዳር፣ የሚባለው መንገድ ላይ ደረስኩ። ዮአኪም ኔተልቤክ በባሪያ ንግድ መርከቦች ላይ ያገለገለ፣ የፕሩሺያ ነገሥታት ቅኝ ግዛት እንዲይዙ የወተወተ መርከበኛ ነው። ከ2020 ጀምሮ አንዳንድ የከተማው ሰዎች ስሙ ተነሥቶ የጌርት ሽራም ስም እንዲተካ ጠይቀዋል፤ እኔ በሄድኩበት ጊዜም ክርክሩ አላበቃም ነበር። ሽራም በ1928 እዚሁ ኤርፉርት የተወለዱ፣ አባታቸው ጥቁር አሜሪካዊ የሆኑ ሰው ናቸው። ናዚዎች በ15 ዓመታቸው ቡከንቫልድ ማጎሪያ ጣሏቸው፤ እስረኞች ሸሽገው አተረፏቸውና እስከ 2016 ኖሩ። በየዕለቱ ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው አድራሻውን ሲጽፍ የባሪያ መርከበኛ ስም መጻፉ አመመኝ። እዚያው ከተማ የተወለደ፣ መከራውንም የተሸከመ ልጅ ስም እያለ!

ማታ ባቡር ውስጥ ሆኜ ለአጎቴ ደወልኩ። ሰሌዳው ላይ ያነበብኩትን ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«ሰፈሩን በእነርሱ ስም ጠሩት?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ። የብራና ፋቂዎች ቅያስ ብለው።»

«በል እስቲ በራሳቸው ቋንቋ ጥራልኝ።»

ጠራሁላቸው። ቃሉን በዝግታ፣ እንደ ዜማ ከፋፍለው ደገሙት። አንድ ጊዜ ተሳሳቱ፤ እንደገና ጠራሁላቸው።