ከቀንዱ በፊት ጭንቅላቱ

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ለልጄ ቆርኪ የሚባለውን የዱር እንስሳ ቀንድ ሠራሁላት። ከቀላል ክሌይ (ሊጥ መሰል የልጆች መጫወቻ) የተሠራ፣ ሄድባንድ (ቀስት መሰል የፀጉር መያዣ) ላይ የሚቆም ቀንድ ነው። 11 ቀን ፈጀብኝ። ቀንዱን ራሱን ለመሥራት ግን 4 ቀን በቂ ነበር። 7ቱን ቀን የበላው ጭንቅላቷ ላይ ማቆሙ ነው። ያኔ አንድ ሰው «መጀመሪያ ሄድባንዱን ያዢ» ቢለኝ ኖሮ ልጄ ባልተጫረች ነበር። እኔ ያጣሁትን ሰው ሌላ እናት እንዳታጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

የምንኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ነው። ልጄ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ለትምህርት መዝጊያ ቀን ክፍሏ ስለ አገራችን ብርቅዬ እንስሳት አጭር ድራማ ያሳያል ተባለ። ለአንዱ ዋልያ፣ ለአንዱ ጭላዳ፣ ለአንዱ ቀይ ቀበሮ ደረሰው። ለእሷ ቆርኪ ደረሳት። በጣም ደስ አለኝ፤ ቆርኪ ጎረቤታችን ነው። ከሻሸመኔ በአጄ በኩል ሲኬድ የሰንቀሌ መጠለያ አለ። እዚያ ያለው የቆርኪ ዘር ዛሬ በዓለም ላይ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ወስጃት በዓይኗ አይታዋለች፤ ፎቶም አንስተናል።

ገና ሳንጀምር ከትምህርት ቤቱ የመጣው ወረቀት አናደደኝ። «ሴቶች ልጆች ጆሮ ብቻ ያድርጉ፤ ቀንድ የወንዶች ነው» ይላል። ይሄ ለደጋ አጋዘን እውነት ነው፤ ሴቷ ቀንድ የላትም። ቆርኪ ግን ሴቷም ወንዱም ቀንዳም ናቸው። ዋልያም እንደዚያው፣ የወንዱ ይረዝማል እንጂ ሴቷም አላት። ሄጄ ለመምህሯ ነገርኳት። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋት። «እሺ እናቷ፣ ካሉ ይሥሩላት» አለችኝ። ወረቀቱ ግን አልተስተካከለም። ሌሎቹ ሁለት ሴቶች ልጆች ጆሮ ብቻ አድርገው መጡ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለ አገራችን እንስሳ ልናስተምር ወጥተን እንስሳውን ራሱን አላየነውም።

ያው ወረቀት ሌላም ሁለት መመሪያ ነበረው። ቀንዱ ከአካባቢ በሚገኝ የሸክላ አፈር ይሠራ፤ ከዚያ በሆት ግሉ (በትኩሱ ቀልጦ በሚያጣብቅ የሙጫ ዘንግ) ሄድባንድ ላይ ይጣበቅ። ሁለቱም ስህተት ነው።

የሸክላውን ሞከርኩት። ከገበያ ከሸክላ ሠሪዎች አንድ ጉማጅ ጭቃ ገዛሁና 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀንድ ሠራሁ። ሲደርቅ ጎረቤቴ ቅመም መሸጫ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 150 ግራም። ሁለቱ 300 ግራም ማለት ነው። ያን ያህል ክብደት ከአናቷ ላይ ቆሞ ልጅቷ ልትዘል ነው! ደግሞ ያልተተኮሰ ሸክላ ነውና ጫፉ ገና በመጀመሪያው ቀን ተሰበረ። ተውኩት።

የሚሠራው ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የሚሸጠው ቀላል ክሌይ ነው። ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ አገኘሁት። 12 ቀለም ባንድ ላይ የታሸገ ነው። ሲነኩት እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ላባ ያህል ይቀላል። ለአንድ ጥንድ ቀንድ ሁለት እሽግ ጨረስኩ። ስለ ቀለሙ አትጨነቁ። 12ቱንም ባንድ ላይ እሿቸው። መጀመሪያ ቀስተ ደመና ይመስላል፣ ከዚያ ይዥጎረጎራል፣ ለ10 ደቂቃ ካሻችሁት በኋላ ግን አንድ ወጥ ግራጫማ ቡናማ ይሆናል። የቆርኪ ቀንድ ጠቆር ያለ ነውና ለእኔ ገጠመልኝ፤ ብዙ ቀለም ሳልቀባ ቀረሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውስጡ ሽቦ፣ ሽቦው ላይ የተጨመቀ ፎይል (የምግብ መጠቅለያው)፣ ፎይሉ ላይ ስስ የክሌይ ልባስ። ልባሱ ከ4 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ፎይሉን በደንብ ጨምቁት፤ ከላላ ክሌዩ ይሰነጠቃል። የሽቦው ጫፍ ከቀንዱ ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይውጣ። ይህን ትርፍ እንዳትቆርጡት።

ቅርጹን ከፎቶው ነው የወሰድኩት። የቆርኪ ቀንድ እንደ በሬ ከግራና ከቀኝ አይነሳም። አናቱ ላይ አንድ ጉብታ አለ፤ ሁለቱም ቀንዶች ከዚያ ጉብታ ተጠጋግተው ይወጣሉ። ከዚያ ወደ ጎን ይከፈታሉ፤ ጫፋቸው ደግሞ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይመለሳል። ከሥሩ ጀምሮ ቀለበት ቀለበት አለው፤ ጫፉ ለስላሳ ነው። ቀለበቱን የሠራሁት ክሌዩን እንደ ክር አድቦልቡዬ፣ ጠምጥሜ፣ ጠርዙን እርጥብ ጣቴን አስኬጄበት ነው። ልጄ ዘጠኝ ቀለበት ቆጥራ «ይበቃል እማ» አለችኝ።

ማሸጊያው በ24 ሰዓት ይደርቃል ይላል። ሐዋሳ በሰኔ ዝናብ፣ የሐይቁ እርጥበት ተጨምሮበት፣ 3 ሙሉ ቀን ወሰደ። ጥፍራችሁ ከሰመጠ ገና ነው። ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይቀራል፣ በኋላ ይሰነጠቃል። እኔ በተረፈው ሽቦ ቤት ውስጥ የልብስ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ቀስ ብዬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ጥቁር ቀለም ቀለበቶቹ መሃል ገባ ገባ አደረግሁ፣ አለቀ። እጄ ላይ ሳየው ኮራሁ። ሁለቱ ቀንዶች ሲመዘኑ 64 ግራም መጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ወረቀቱ ሆት ግሉ ስላለ ሆት ግሉ ገዛሁ። ሄድባንዱ ከሱቅ የተገዛ ተራ ቀጭን ፕላስቲክ ነው፣ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው። ሁለቱን ቀንዶች አጣብቄ፣ ጠዋት አድርጌላት፣ ለልምምድ ላክኋት። ከሰዓት ስትመጣ አንዱ ቀንድ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ስትዘል ወድቆ የጓደኛዋን ትከሻ መትቷል። ሙጫውን አየሁት። ከፕላስቲኩ ላይ ምንም ሳይቀደድ፣ እንደ ማስቲካ ልጥ ብሎ ነው የወጣው። የሄድባንዱ ጀርባ ንጹሕ ነው፤ የተነካም አይመስልም።

ቁጭ ብዬ ማሰብ የነበረብኝ ያኔ ነበር። 22 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነገር ከአናት ላይ ሲቆም፣ ራስ በተነቀነቀ ቁጥር ጫፉ ይሄዳል፤ ጉልበቱ በሙሉ የሚያርፈው ሥሩ ላይ ነው። የእኔ ሥር ደግሞ የጥፍር ታህል ሙጫ ነበረች፣ ለዚያውም በለስላሳ ፕላስቲክ ላይ። ቀንዱ ቢቀልም ያው ነው። አላሰብኩም። ሙጫ ጨመርኩ። ሥሩ ዙሪያ አንድ ሙሉ ዘንግ አፈሰስኩበት። ቀንዱ ይበልጥ ከበደ፣ ሄድባንዱም ወደ ግንባሯ መንሸራተት ጀመረ። በሁለተኛው ልምምድ ሁለቱም ወደቁ።

ሦስተኛው ሙከራዬ የሚጸጽተኝ ነው። የተረፈውን ሽቦ ሄድባንዱ ላይ ጠመዘዝኩና ጫፉን በፒንሳ አጠፍኩት። ነቀነቅኩት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ተደሰትኩ። በላዩ ጨርቅ ጠቀለልኩበት። ያን ቀን ልጄ ሙሉ ከሰዓት አድርጋው ዋለች። ማታ ፀጉሯን ስፈታ አናቷ ላይ ቀጭን ጭረት አየሁ፤ የደረቀ ደም አለበት። የሽቦው ጫፍ ጨርቁን በስቶ ወጥቷል። ከሁለቱም ጆሮዎቿ ጀርባ ደግሞ ቀልቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ደክሞሽ ነበራ» አለችኝ።

ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም። ያን ሁሉ ቀን ቀንዱን ስመዝን፣ ቀንዱን ስለካ፣ ቀለበቱን ሳሳምር ከርሜያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ባዶውን ሄድባንድ አድርጌላት «የት ጋ ይቆረቁርሻል?» አላልኳትም።

በማግስቱ ቀንዶቹን በፌስታል ይዤ መነኻሪያ አካባቢ ካሉ ጫማ ሰፊዎች ወደ አንዱ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው። አገላብጠው አዩት። ሙጫውን በጥፍራቸው ላጥ አደረጉት።

«ልጄ፣ ማስቲሽ ብቻውን ቢይዝ እኔ መርፌ ለምን እይዛለሁ?» አሉኝ።

የሠሩትን ልንገራችሁ፤ እኔ ሳየው ነው የገባኝ። መጀመሪያ ሄድባንድ አስቀየሩኝ። ሰፊ፣ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ቶሎ የማይለጠጥ። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው ማስቲሽ ቀቡት፤ ቆዳውንም ቀቡት። ወዲያው አላጣበቁም። 10 ደቂቃ ያህል ጠብቀው፣ በጣት ሲነካ የማያቆሽሽ ሲሆን ነው የገጠሙት። ቆዳው ከአሮጌ ጫማ ላይ የተቆረጠ፣ የግማሽ መዳፌን ያህል የሚሆን ነው። ላዩ ላይ ሁለት ቀዳዳ በወስፌ በሱ፣ የቀንዶቹን ሽቦ አሳለፉ፣ ከቆዳው ሥር ጠፍጣፋ አድርገው አጠፉት። ከዚያ ሁለተኛ ለስላሳ ቆዳ ከሄድባንዱ በታች አደረጉና ሁለቱን ቆዳዎች ከፊትና ከኋላ ጠርዛቸው ላይ ሰፏቸው። ሄድባንዱም ሽቦውም መሃል ታሰሩ። ጭንቅላት የሚነካው ለስላሳው ቆዳ ብቻ ነው። 80 ብር ጠየቁኝ፤ 100 ሰጠኋቸው፤ ሲያንስ ነው።

ቆዳው ያስጠላል ብላችሁ እንዳታስቡ። የቆርኪ አናት ላይ ያ ጉብታ አለ ብያችኋለሁ። ቆዳውን በተረፈኝ ክሌይ ጉብታ አድርጌ ሸፈንኩት፣ ቡናማ ቀባሁት። ደብቄው ሳይሆን ቦታው ስለሆነ አማረ። ማስቲሹ ይሸታል፤ አንድ ሌሊት ውጭ ይደር፣ ልጅ አጠገብ አይሠራ። ውስጡን በፎይል ፋንታ በነጩ የዕቃ ማሸጊያ ፎም የሠራችሁ ከሆነ ደግሞ ማስቲሽ አታስጠጉት፤ ፎሙን ይበላዋል።

የጆሮዋን ነገር የፈታችልን ሹሩባ ሠሪዋ ናት። ከግንባሯ ጀምራ ሁለት ወፍራም ሹሩባ ወደ ጎን ሠራችላት፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፤ መሃላቸው የሄድባንዱን ስፋት ያህል ቦይ ተወች። ሄድባንዱ ቦዩ ውስጥ ቁጭ አለ። ወደፊትም ወደኋላም መሄጃ የለውም። ከዚያ የሄድባንዱን ሁለት ጫፎች ከጆሮዋ ጀርባ አንስተን፣ በማጅራቷ በኩል ሰፋ ባለ ላስቲክ አገናኘናቸው። መጨቆኑ ቀረ። በየሱቁ «አንድ መጠን ለሁሉም» ተብሎ የሚሸጥ ሄድባንድ ለልጅ ጭንቅላት ይሆናል የሚለውን ከዚያ ወዲህ አላምንም።

በመዝጊያው ቀን ድራማው 25 ደቂቃ ያህል ቆየ። ልጄ ሮጠች፣ ዘለለች፣ ሌላውን ቆርኪ በቀንዷ ገፋች። ቀንዱ አልተነቃነቀም። የዋልያው ልጅ የሆት ግሉ ቀንድ መሃል ላይ ወደቀ፣ እጁ ላይ ይዞት ጨረሰ። አሳዘነኝ። እናቱን ከድራማው በኋላ ፈልጌ ጫማ ሰፊው ያሉበትን ነገርኳት።

ዘንድሮ ደግሞ ታናሹ ዋልያ መሆን ይፈልጋል። የዋልያ ቀንድ ረጅም ነው፣ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፤ ክብደቱ ማጅራት ላይ ነው የሚሄደው። ክሌይ ገና አልገዛሁም። መጀመሪያ ሰፊ ሄድባንድ ገዛሁ። ከዚያ በትንሽ ጨርቅ 90 ግራም ሩዝ ቋጥሬ፣ ቀንዱ ይቆማል ብዬ ካሰብኩበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጌ ሰፋሁበት። ፀጉሩ አጭር ነው፣ የእህቱ ቦይ የለውም፤ ስለዚህ በአገጩ ሥር የሚያልፍ ላስቲክ ጨመርኩ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመጣ አደረግሁለት። ግቢ ውስጥ ሦስቴ ዞረ። ተመልሶ መጣና በቀኝ ጆሮው በኩል ያለውን ጫፍ በጣቱ አሳየኝ። «እዚህ ጋ» አለኝ።