ፎርጅድ ያልኩት ወርቅ

እንግሊዝ አገር አንድ ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ረዳት ሆኜ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከማሳ የወጡ የወርቅ ሳንቲሞች መጡልን። የኔ ሥራ መመዘን፣ ፎቶ ማንሳትና መዝገብ ላይ ማስፈር ነበር።

ሳንቲሞቹ «ኖብል» ይባላሉ። ማስቀረጽ የጀመረው ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ነው፣ በ1344 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሲያምሩ! በአንዱ ፊት ንጉሡ ሰይፍና ጋሻ ይዞ መርከብ ላይ ቆሟል። በሌላው ፊት፣ መስቀሉን ዞሮ፣ በላቲን የሉቃስ ወንጌል ቃል አለ፤ «ኢየሱስ ግን በመካከላቸው አልፎ ሄደ»። ያንን ሳውቅ ልቤ ሞቅ አለ።

ሰባተኛውን ስመዝነው 6.9 ግራም አለ። በእጄ ያለው ሠንጠረዥ ግን ከ1351 ወዲህ የወጣ የኤድዋርድ ኖብል 7.78 ግራም ይመዝናል ይላል። ደገምኩት። ያው ነው። «ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩና ለብቻው አስቀመጥኩት።

ከሰዓት አለቃዬ መጡ። ስልሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው። አልተቆጡም። አጉሊ መነጽር ሰጡኝና «ጠርዙን እየው» አሉኝ። በፊደሎቹ ዙሪያ መኖር የነበረበት የነጠብጣብ ክብ የለም። በግራ በኩል ፊደሎቹ ራሳቸው እስከ ወገባቸው ተቆርጠዋል።

ነገሩን ያስረዱኝ ቁጭ አድርገው ነው። በ1412 ሄንሪ 4ኛ የኖብሉን ክብደት ወደ 7 ግራም አወረደው። ዋጋው ግን እንደድሮው 6 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ነበር። እንግዲህ አሮጌውን የያዘ ሰው ትርፉን ወርቅ ለምን በነጻ ይስጥ? ዙሪያውን ከርክሞ ከአዲሱ ጋር ያስተካክለዋል። ዘጠኝ አሮጌ ከከረከመ፣ ፍርፋሪው አንድ አዲስ ኖብል ይወጣዋል!

የቀሩት ሳንቲሞች ሁሉ የኤድዋርድ ዘመን ነበሩ፣ ሙሉ ክብደት ያላቸው። እነሱን ብቻ ብናይ ኖሮ ወርቁ የተቀበረው ያኔ ነው ባልን ነበር። ከ1412 በኋላ መሆኑን የጠቆመን ያ የተከረከመው ነው፤ ኤድዋርድ ከሞተ ቢያንስ ከ35 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የተቀበረ ወርቅ ዘመኑ የሚታወቀው እንዲህ በራሱ በሳንቲሞቹ ነው። በ1966 ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ የግንባታ ሠራተኞች 1,237 የወርቅ ሳንቲም አግኝተው ነበር። እሱም በ1464 ገደማ እንደተቀበረ የተለየው በዚሁ መንገድ ነው።

እኔ ግን ዋናውን ምስክር ከመካከል አውጥቼው ነበር። እስከዛሬ ይከነክነኛል።

የጻፍኩትን በነጭ ቀለም ላጠፋ ስል አለቃዬ ከለከሉኝ። «አታጥፋው፤ ሰርዘህ ከጎኑ ጻፍ። ነገ የሚያነበው ሰው ለምን እንደተሳሳትክም ይወቅ።» አንድ መስመር አሰመርኩበት። «የተከረከመ፣ ከ1412 በኋላ» አልኩ። ቀኑንና ስሜን አኖርኩ። ሳንቲሙንም ወደ ቦታው፣ በስድስተኛውና በስምንተኛው መካከል መለስኩት።